ክርክር፦ ሐኪሙ ለታማሚው ይንገር ወይስ ለባል/ለሚስት?

ባለጉዳዩ፦ ሚስቴ ሆስፒታል ከተኛች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል፣ ኪሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን) አቁመውላታል፣ አሁን ፓሊየቲቭ፣ ማለትም ህመምና ስቃይ የሚያስታግሱበት ክፍል ነው ያለነው። ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ጠራኝና የቀራት ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው አለኝ፣ እባክህ እንዳትነግራት ብዬ ለመንኩት። "በግድ አልነግራትም፣ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም" ብሎኝ ሄደ። እውነት ለመናገር ተናደድኩ። ሃያ ዓመት አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ብትሰማ ተስፋ ቆርጣ ታልቅብኛለች። እስቲ ፍረዱን።

የበኩር ልጅ፦ አንተ ነህ የምትወስነው ወንድሜ፣ ምን ጥያቄ አለው። እኛ አባታችን ጋ ሐኪሙ ሳያማክረን ገባና በሩ ጋ እንደቆመ፣ ካርዱን እያገላበጠ፣ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ብሎት ወጣ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም አላናገረም። ያንን ያየ ሰው ንገሩ ብሎ አይመክርም።

ነገር ፈላጊ፦ እሱ እኮ የአነጋገሩ ጥፋት ነው። በሽታው የማነው? የሷ። ባል መሆን ቪቶ አይሰጥም።

ባለጉዳዩ፦ ቪቶ አልፈለግኩም። ትናንት ማታ ልብሷን እየቀየርኩላት "ለምንድነው ደም መቅዳት ያቆሙት?" አለችኝ። ትራሱን የማስተካክል መስዬ አለፍኩት፣ እንዲያውም ሁለቴ አስተካከልኩት። ምን ልበላት?

ባሌን የቀበርኩ፦ ወይ ያ ትራስ! እኔም ስንቴ አስተካክዬዋለሁ። እኔ እሱ እንዳይደነግጥ ስዋሽ እሱ እኔ እንዳልደነግጥ ሲዋሽ አራት ሳምንት በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት ስናወራ ከረምን። ካረፈ በኋላ ኮመዲኖው ውስጥ አንድ የላብራቶሪ ወረቀት አገኘሁ፣ ጀርባው ላይ የባንክ ፓስወርዱን፣ የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ የት እንዳለ፣ ማን ብር እንዳለበት ጽፎልኛል። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ግማሹ አይነበብም። ቁልፉ እስካሁን አልተገኘም፣ እሱስ ይቅር። እኔ ሻይ ልጠጣ ስወጣ ጠብቆ ተደብቆ መጻፉ ነው ያንገበገበኝ።

የበኩር ልጅ፦ እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ግን ፓሊየቲቭ ተብሎ ሞርፊን የሚባለውን ማስታገሻ የጀመሩለት ሰው ምኑን ሰምቶ ነው ምኑን የሚወስነው? እያደነዘዙ ቶሎ እንዲሄድ ነው የሚያደርጉት።

የዋርድ ነርስ፦ ይሄን ሳልመልስ አላልፍም። ሞርፊን በህመሙ ልክ ተለክቶ ከተሰጠ ቀን አያሳጥርም። ሲጀመር ጥቂት ቀን ሊያፈዝ ይችላል፣ ከዛ አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። የማይለቀው የሆድ ድርቀቱ ነው፣ ባለጉዳዩ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘላት ዛሬውኑ ጠይቅ። ማሰብም ማውራትም የሚያቅተው እኮ በህመም የሚሰቃየው ሰው ነው። ደግሞ ፓሊየቲቭ የመጨረሻ ቀን ነገር ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ከመደበኛው ሕክምና ጋር ገና ከጅምሩ ፓሊየቲቭ የተጨመረላቸው በአማካይ 11.6 ወር፣ ያልተጨመረላቸው 8.9 ወር ነው የኖሩት። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሆስፒሷን (ለመዳን ተስፋ የሌላቸው ታማሚዎች የሚታገዙበትን ቤት) ስትከፍት ህመም የአካል ብቻ አይደለም፣ ፍርሃቱም የቤተሰብ ጭንቀቱም አብሮ ህመም ነው ትል ነበር። እናንተ ትራስ የምታስተካክሉበት ሰዓትም እዛ ውስጥ ይገባል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሁላችሁም ንገሩ አትንገሩ ላይ ተጣብቃችኋል። ጥሩ ሐኪም ወንበር ስቦ ይቀመጥና መጀመሪያ "ስለ በሽታሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ዝርዝሩን ላንቺ እንንገርሽ ወይስ ለባለቤትሽ?" ብሎ ይጠይቃል። ለሱ ንገሩት፣ እኔ መስማት አልፈልግም የሚሉ አሉ፣ መብታቸው ነው። ሁሉንም ንገሩኝ የሚሉም አሉ። ውሳኔው የታማሚው ነው፣ አለመስማትን መምረጥም ጭምር።

ነገር ፈላጊ፦ እኔም ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው።

የዋርድ ነርስ፦ አይደለም፣ አንተ ንገሯት ነው ያልከው። ሳትፈልግ መንገርም ያው መወሰን ነው።

የበኩር ልጅ፦ አባቴን እንደዛ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ባለጉዳዩ፦ እሺ፣ ይሄን ጥያቄ ይጠይቃት። እኔም አጠገቧ ልቀመጥ። ግን ለሱ ንገሩት ካለች ማናችሁም አትናገሩኝም።

ባሌን የቀበርኩ፦ ለኔ ንገሩኝ ካለችስ?

ባለጉዳዩ፦ እሱን ገና አላሰብኩትም። ነቃች መሰለኝ፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ በረጠበ ጥጥ ላርጥብላትና እመለሳለሁ።