ባሕር ዳር ተቀምጠን ባሕር በስክሪን? የቅዳሜ ማታ ክርክር

አወያይ፦
እንደምን አመሻችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው አንድ አባላችን ነው። ሰፈሩ ያለ አንድ ትምህርት ቤት (ስሙን አንጠራም፤ የጠራ ሰው መልእክቱ ይጠፋል) ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በፕሮጀክተር የውቅያኖስ ዶክመንተሪ ያሳያል። አንድ መምህር እያቆመ በአማርኛ ይተረጉማል። ወላጆች በዚህ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ ይቀጥል፣ እንዲያውም በየትምህርት ቤቱ ይስፋፋ ይላል። ገሚሱ ደግሞ የጣና ዳር ልጅ ስለ ዓሣ ነባሪ አውቆ ምን ሊሆነው ነው ይላል። ይቀጥል ወይስ ይቅር? ስድብ የለም፣ ፖለቲካም የለም። የባሕር በር ጉዳይ ዛሬ እንዳይነሳ፤ በእናታችሁ።

ጀልባው፦
ያ አባል እኔ ነኝ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ፤ አባቴም አስጋሪ ነበር። ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። ያለፈው ዓርብ እናቷ ቆሮሶ ጠብሳ ብታቀርብላት አልበላም አለች። ምነው ስላት "ዓሣ የሚይዝ ሰው ባሕሩን ይገድላል" አለችኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ደብተሯን አወጣች። ትልቅ መርከብ ሥላለች፤ መረቡ ውስጥ ዔሊና ዶልፊን ታስረዋል፤ መርከቡ ላይ የቆመው ሰውዬ የእኔን ኮፍያ አድርጓል። እኔ ዶልፊን በዓይኔ አይቼ አላውቅም! ይቅር ነው የምለው። ወይም ቢያንስ የሚያሳዩትን ይምረጡ።

የዓሣ ቤቷ፦
በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ገና ሳያልቅ ደግሞ ይኸኛው መጣ? ልጆቹ ካልበሉ ዱለቱን ለማን ልሥራ።

መምህርት፦
እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ወንድሜ፣ ያዘንከው እውነት ነው፤ ልጅቷም አላጠፋችም። ግን "ይቅር" የሚለው መልስ አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ገብቼ "ሥርዓተ ምህዳር" የሚለውን ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ያዛጋል። አንዲት ኦክቶፐስ ቀለሟን ቀይራ ድንጋይ ስትመስል በስክሪን ሲያዩ ግን ደወል ተደውሎም አይወጡም። ሰባት ዓመት አይቻለሁ። የማይታይን ነገር ለማሳየት ከፊልም የተሻለ መሣሪያ የለኝም።

የምርምር ልጅ፦
ጀልባው፣ ከነገርኸን ልጅህ ያየችው እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ የወጣውን ሲስፓይረሲ ይመስለኛል። እኔ ዓሣ ነው የማጠናው፤ ያንን ፊልም ለአምስተኛ ክፍል ልጅ አላሳይም። "በ2048 ባሕሩ ባዶ ይሆናል" የሚል ነገር አለበት። የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣ አንድ ጥናት ነው። የዚያው ጥናት መሪ ከተቺዎቹ ጋር ሆኖ በ2009 ባሳተመው ሌላ ሥራ፣ በአግባቡ በሚተዳደሩ ቦታዎች የዓሣው ሀብት ማገገም እንደሚችል አሳይቷል። ፊልሙ የወጣው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ ነው፤ የያዘው ግን አሮጌውን ቁጥር ነው።

ጀልባው፦
ይኸው! ታዲያ መምህሩ ይህን ለምን አልነገራቸውም?

የምርምር ልጅ፦
ላያውቅ ይችላል። የሚተረጉመው እንግሊዝኛውን እንጂ ጥናቱን አይደለም።

ጋሼ ባሕረኛ፦
ልጆች፣ እኔም ልናገር። ምጽዋ ባሕር ኃይል ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ ጠልቄ ዋኝቻለሁ። በፊልም የምታዩት ቀይና ብርቱካን ኮራል እንደዚያ ደምቆ የሚታየው መብራት ስለበራበት ነው። ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ ቀዩን ብርሃን ይውጣል። አሥር ሜትር ያህል ከወረድህ ቀይ የነበረው ሁሉ ይጠቁርብሃል። አንዴ ኮራል ክንዴን ቧጨረኝና የወጣው ደሜ አረንጓዴ መሰለኝ፤ ደንግጬ ወጣሁ፤ ጓደኞቼ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። ድምፁም እንደዚያው ነው። ዓሣው ሲያላምጥ፣ ሸርጣኑ ሲራመድ የምትሰሙት አብዛኛው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። አይታይ አልልም፤ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። ልጆቹ ግን ይህን ይወቁ።

ቀልደኛው፦
ጋሼ፣ ደምዎ አረንጓዴ ከሆነ የኢሕአፓ ዘመን ሰው አይደሉም ማለት ነው።

አወያይ፦
ፖለቲካ ብያለሁ።

መምህርት፦
ጋሼ የተናገሩት ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለውን ለተማሪዎቼ እርስዎ መጥተው ቢነግሩልኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ጋሼ ባሕረኛ፦
ጠሩኝ እንጂ ልጄ፣ መጣሁ። አንድ ልጨምር። በጀርባ የሚታዘለውን መተንፈሻ እ.ኤ.አ. በ1943 ከኢንጂነር ጋኛ ጋር የሠራው ፈረንሳዊ ኩስቶ፣ ካሊፕሶ በምትባል መርከቡ ቀይ ባሕርን አዳርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው "ዝምተኛው ዓለም" የተባለው ፊልሙ ላይ፣ ዓሣ ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ ይታያል። የዓሣ ነባሪ ግልገል በመርከቧ ተጎድቶ ሲሞት ሬሳውን ሊበሉ የመጡትን ሻርኮች መርከበኞቹ እያወጡ ሲፈጇቸው ይታያል። ያ ፊልም ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ! ዛሬ ጀልባው አንድ ቆሮሶ ስለያዘ ሊወቀስ ነው?

የምርምር ልጅ፦
ሰውየው ግን ኋላ ከዋነኞቹ የባሕር ተሟጋቾች አንዱ ሆነ። ጋሼ ይህን ዘለሉት።

ጋሼ ባሕረኛ፦
አልዘለልሁም፤ ገና እየጻፍሁ ነው፤ ጣቴ ቀርፋፋ ነው። አዎ፣ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ሱዳን ዳርቻ፣ ሻዕብ ሩሚ በሚባል ቦታ፣ አሥር ሜትር ጥልቀት ላይ ቤት ሠርቶ አምስት ሰው አንድ ወር አኖረበት። ጎረቤት አገር እኮ ነው። ቀይ ባሕር የሩቅ ተረት የሚመስላችሁ እናንተ ስላላያችሁት ነው።

የአባይ ማዶ፦
እሱን ነው እኮ የምንለው! እኛ ራሳችን የባሕር በር

አወያይ፦
ተቆረጠ። እስከ ነገ ጠዋት መጻፍ አትችልም። ጥያቄው ፊልም ነው። ካሜራው፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ታነባለህ፤ ምንም አላልህም።

ካሜራው፦
እኔ ሠርግ ነው የምቀርጸው። አምና ግን አንድ ነገር ሞክሬ ነበር። ጎፕሮዬን በዘንግ አስሬ ደብረ ማርያም አጠገብ ጣና ውስጥ ከተትሁት። ሃያ ደቂቃ ቀዳሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጉሽ ጠላ። አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ጥላ አለፈ፤ ዓሣ ይሁን የጫማ ሶል አላውቅም። እና የእኔ ሐሳብ፣ ይቀጥል፤ ግን እነዚህ ፊልሞች አንድ ነገር አበላሽተውብናል። ውኃ ሰማያዊና ጥርት ያለ ካልሆነ ውስጡ ሕይወት ያለ አይመስለንም። ቪዲዮውን ያሳየኋቸው ሁሉ "ጣና ውስጥ ምንም የለማ" አሉኝ።

የምርምር ልጅ፦
ምንም የለም?! ይህን ስሰማ ያመኛል። ቢልጫ የምትሉት አንድ ዓሣ አይደለም። ላቢዮባርበስ የሚባለው ዘር ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከታች ዓሣ ሊወጣ አይችልም፤ እዚህ ለብቻቸው ተዘግተው ነው የተለያዩት። አንዱ ከታች ጭቃ ይበላል፣ ሌላው ነፍሳት፣ ሌላው ቀንድ አውጣ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ ያድናሉ። ይኸኛው ነው ጉዱ፤ የእነዚህ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለው አዳኝ! ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ በሚባል ሐይቅ የእነሱ ቢጤ ነበረ፤ ከውጭ ያመጡት ዓሣ አጠፋቸው። ስለዚህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለው ጣና ብቻ ቀርቷል። ይህን አንድ ልጅ በስክሪን አይቶት አያውቅም። ስለ ፔንግዊን ግን ሁሉም ያውቃል።

መምህርት፦
ሰባት ዓመት አስተምሬ ስለ ጥርሱ ዛሬ ሰማሁ። አፍሬአለሁ።

ጀልባው፦
እኛ እኮ ለያይተን እናውቃቸዋለን። አፉ ወደ ታች የዞረው አለ፣ ከንፈሩ ወፍራም የሆነው አለ፣ አፈ ሰፊው አለ። ገበያ ላይ ግን ሁሉም ቢልጫ ነው፤ ዋጋው አንድ ነው።

ካሜራው፦
ታዲያ ለምን አንቀርጸውም? በ2021 ኦስካር የወሰደውን የኦክቶፐሱን ፊልም አስታውሱ። ክሬግ ፎስተር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአንዲት ኦክቶፐስ ጋር አንድ ዓመት ያህል በየቀኑ አንድ ቦታ ጠለቀ፤ የአየር ታንክ እንኳ አልያዘም። ትልቅ መርከብ አይፈልግም ማለት ነው። አዋጥተን የመጥለቂያ ዕቃ ብንገዛስ?

ጋሼ ባሕረኛ፦
ቀስ በል ልጄ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የመጥለቂያ ሰንጠረዥ የተሠራው ለባሕር ጠለል ነው። ከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ በታንክ ጠልቆ የወጣ ሰው ደም ውስጥ ናይትሮጅኑ ቶሎ አረፋ ይሠራል። ለዚህ ሌላ ስሌት አለው፤ የማያውቅ አይግባ። ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነውና ሰው ይንቀዋል። ዳርቻው ላይ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ካሜራውን በገመድ አውርድ፤ አንተ ጀልባ ላይ ቁጭ በል።

ቀልደኛው፦
ጉማሬውን ረሱት ጋሼ።

ጀልባው፦
ካሜራው የተሳሳተው በሰዓትና በቦታ ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፤ ውኃው ይታመሳል። በክረምት ወንዞቹ አፈር ይዘው ይገባሉ፤ ያኔ እጅህንም አታይም። በበጋ ግን፣ ንጋት ላይ፣ ድንጋያማ ደሴት ዳር ከሄድህ ይጠራል። እንደ ቀይ ባሕር አይሁን እንጂ ዓሣው ይታያል።

የምርምር ልጅ፦
ችግሩ ዋናው ትዕይንት ያለው ክረምት ላይ ነው። ከቢልጫዎቹ ገሚሱ ዝርያ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ወንዞች ወጥተው ነው የሚራቡት። ከወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ጠጠር ያለበት ጥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ገባሮቹ ይወጣሉ። ውቅያኖስ ዶክመንተሪ ላይ ሳልሞን ወንዝ ሲወጣ አይታችሁ የለ? እዚህም አንድ ነው፤ ከሹፌር ጋር ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ቀልደኛው፦
ጉማራ ሄዳችሁ ጉማሬ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

የምርምር ልጅ፦
ጀልባው ግን አንድ ነገር ልበልህ፣ እንዳትቀየመኝ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ክትትል የትላልቆቹ ቢልጫ መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ነበር። ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ዓሣው ሊራባ ወንዝ አፍ ሲሰበሰብ የሚጠብቀው መረብ ነው። የእኛ መረብ። የጃፓን መርከብ አልመጣብንም። ያ ፊልም ስለ ውቅያኖስ ያጋነነው ነገር አለ፤ ነገሩ ሁሉ ግን ውሸት አይደለም።

ጀልባው፦
አልቀየምህም። ግን እኔም ልጠይቅህ። አባቴ በደንገል ታንኳ ነበር የሚያሰግረው። ሞተር ጀልባውና የናይለኑ መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሆላንድ በመጣ ፕሮጀክት ገባ፤ "ልማት ነው" ተባለ፤ ተጨበጨበ። አሁን እኛ ጠላት ሆንን። ጉማራ ላይ አሸዋ የሚያወጣውስ? ለመስኖ ወንዙን በፓምፕ የሚመጠውስ? ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ዓሣው በየት በኩል ይወጣል? እምቦጩስ በእኔ ምክንያት ነው የመጣው? ፊልም ላይ መረቡ ይታያል፤ መረብ ለካሜራ ይመቻል። አሸዋ የሚጭን መኪና ማንም አይቀርጽም።

መምህርት፦
ይኸኛው ለተማሪዎቼ የሚያስፈልገኝ ፊልም ነው። የምሬን ነው።

የምርምር ልጅ፦
ልክ ነህ። አሸዋውም፣ ፓምፑም፣ ግድቡም አለበት። ሞኖፊላመንት የሚባለው ስስ መረብም አለበት፤ እሱን ደግሞ አንተ አላነሳኸውም።

ጀልባው፦
እሱን እኔ አልጠቀምም። የሚጠቀሙ አውቃለሁ።

ካሜራው፦
እሺ እኔ ቁርጤን ነገርኋችሁ። ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ እቀርጻለሁ። ከውኃ ውስጥ ባይታይ ከላይ፣ ከጀልባ፣ ከዳር። አሸዋውንም መረቡንም። ትምህርት ቤቱ የውቅያኖሱን ካሳየ በኋላ የእኛን አሥር ደቂቃ ያሳይ። ጀልባው፣ ትወስደኛለህ?

የምርምር ልጅ፦
ጀልባው፣ አስብበት። ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ የሚቀረጸው መረብ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ጀልባው፦
አውቃለሁ። የአጎቴ ልጅ መረብ አለበት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የእኔም ይኖርበታል፤ ልዋሽ አልችልም። ልጄ ያንን ካየች እኔን ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት ነገር አለኝ። ለመርከቡ ሰውዬ ግን ልመልስለት አልችልም፤ አላውቀውም። እወስድሃለሁ። ፊት ግን ሳታስፈቅድ አትቅረጽ፤ የአጎቴ ልጅ ይጣላኛል።

አወያይ፦
ድምፅ ልንሰጥ ነበር፤ አሁን ግን በምን ላይ እንደምንሰጥ ጠፋኝ። "ይቀጥል" የምትሉ አንድ ጻፉ፣ "ይቅር" የምትሉ ሁለት፣ "ይቀጥል ግን መምህሩ አስቀድሞ ፊልሙን ይይ" የምትሉ ሦስት።

የዓሣ ቤቷ፦
ሦስት። ልጅቷን ደግሞ ላኩልኝ፤ አጥንቱን አውጥቼ በሎሚ እሰጣታለሁ።

መምህርት፦
ሦስት።

ጀልባው፦
ሦስት። ቤንዚኑን ማን ይችላል ታዲያ? ጉማራ አፍ ደርሶ መልስ ቅርብ አይደለም።

ጋሼ ባሕረኛ፦
ቤንዚኑ የእኔ ነው። ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ግን አይሳፈርም፤ ዋና እችላለሁ ባይም ቢሆን።