መብራት ከጠፋ 20 ሰዓት አልፏል፤ የባለቤቴ የአከርካሪ በሽታ መርፌ ፍሪጅ ውስጥ ነው! ምን ላድርግ?

ሄርማታ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም፣ ፍሪጁ ሞቋል። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋው ነው፤ ቀኑ ነገ ነው። ከጎረቤት በረዶ አምጥቼ እላዩ ላይ ላስቀምጠው ነው።

የቆጪ ልጅ፦ በረዶ እንዳታስነኪው! ስሙ ማን ነው?

ሄርማታ፦ ሂዩሚራ፣ 40 ሚሊግራም፣ እስክሪብቶ የሚመስለው።

ፋርማሲ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቢሆንም፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካላለፈና ብርሃን ካላገኘው ሂዩሚራ እስከ 14 ቀን ውጭ ይቆያል። ትናንት የጠፋበትን ቀን ካርቶኑ ላይ ጻፊ። መብራት መጥቶ ፍሪጅ ብትመልሺውም ቆጠራው አይቆምም፤ በ14 ቀን ካልተወጋ ይጣላል። ከሌላ ኩባንያ የመጣ አዳሊሙማብ (ሂዩሚራ ውስጥ ያለው መድኃኒት ስም ነው) ከሆነ ቀኑ ስለሚለያይ የራሱን ወረቀት አንብቢ። በረዶ የሚከለከለው መድኃኒቱ ፕሮቲን ስለሆነ ነው፤ በረዶ ከሠራ ይጎዳል፣ ቢቀልጥም አይመለስም፣ በዓይን ግን ደህና ሊመስል ይችላል።

አዌቱ ዳር፦ ለወገብ ሕመም ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው? ዳይክሎፌናክ አይበቃም?

ፋርማሲ፦ ይሄ ሸክም ያመጣው የወገብ ሕመም አይደለም። የሰውነት መከላከያ ራሱ የአከርካሪን መገጣጠሚያ የሚያስቆጣበት በሽታ ነው። ሕክምናው የሚጀመረው እንደ ዳይክሎፌናክ ባሉት ነው፤ መርፌው የሚታዘዘው እነሱ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው። በራስ ፈቃድ አይቋረጥም።

ቦሳ፦ እኔም የምለው ያንኑ ነው፣ ፍሪዘርም በረዶም አይሆንም። ከነካርቶኑ በፌስታል ጠቅልለሽ ወለሉ ላይ፣ ጥላ ቦታ አስቀምጪው። ቁም ሳጥን አናት ላይ አይሁን፤ ቆርቆሮው በቀትር ይግላል። ቡና የምታፈዪበት ከሰል አጠገብም አይሁን።

የቆጪ ልጅ፦ ነገ ከመወጋቱ በፊት መድኃኒቱን በእስክሪብቶው መስኮት እዪው። ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ወይም ብናኝ ካለው አይወጋም። ሆዱ ላይ ከእምብርት 5 ሳንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ ወይ ጭኑ ላይ፣ ባለፈው ከተወጋበት ቦታ ለውጣችሁ።

ሄርማታ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ነገ ጠዋት ይወጋል እንግዲህ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋልም፤ ብርዱ ይሆናል።

ፋርማሲ፦ ቆይ! ይሄ ከፍሪጁ ይበልጣል። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም፣ ትኩሳትና ሳል እያለው ሐኪሙ ሳያየው አይወጋ። የተደበቀ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ይሻላል። ትኩሳቱን ለክተሽዋል? ሳሉ አክታ አለው? ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ተደርጎለታል?

ቦሳ፦ ሄርማታ፣ አለሽ?