የ5 ኪሎዋት ቤንዚን ጄኔሬተር፦ ባዶውን ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ምጣድ ሲሰካበት ይወድቃል

ባለ ግቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለ 13 ፈረስ ጉልበት ቤንዚን ጄኔሬተር ነው፤ ሰሌዳው 5 ኪሎዋት፣ ቢበዛ 5.5 ይላል፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቦታው አዲስ አበባ። ምንም ሳይጫንበት ድምፁ በየሁለት ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አምፖሉም አብሮት ይተነፍሳል። ምጣድ ሲሰካ ሞተሩ ያቃስታል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ቮልቱ 178 ይገባል፣ ፍሪጁ መነሳት ያቅተዋል። አንዳንዴ ደግሞ ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋና ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ዘይቱ አዲስ ነው፣ ካንዴላውም ተቀይሯል። ያየው ሠራተኛ «ኤቪአሩ (የቮልት መቆጣጠሪያው) ሄዷል፣ ይቀየር» ብሏል። ከመግዛቴ በፊት ምን ልለካ? ለነገሩ ወደ ቤት የሚገባው በሁለቱም ጫፉ ስፒና ባለው ገመድ ነው፤ ዋናውን ብሬከር አወርዳለሁ።

ዳይናሞ ጠምጣሚ፦
ገንዘብህን ያዝ። ኤቪአር የቮልት ጉዳይ እንጂ የሞተር ፍጥነት ጉዳይ የለውም። ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ የሚዋዥቀው ሞተሩ ነው።

ኸርዝ የሚያነብ መልቲሜትር አግኝና ጄኔሬተሩ ሶኬት ላይ ሰካው። ይህ ዓይነቱ ዳይናሞ ሁለት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ስላለው 3,000 ዙር በደቂቃ ማለት 50 ኸርዝ ነው፤ አንድ ኸርዝ ሲጎድል ሞተሩ 60 ዙር ቀነሰ ማለት ነው። ባዶውን ከ51 እስከ 53 ቢሆን ደህና ነው። ከዚያ ምጣዱን ሰካና ቮልቱንም ኸርዙንም ጻፍ። ቮልቱ ወድቆ ኸርዙ ከ48 በላይ ከቆመ ጥፋቱ ኤቪአር ወይም የዳይናሞው ካርቦን (ብሩሽ) ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ሞተሩ አቅቶታል፤ አሥር ኤቪአር ብትቀያይር ያው ነው።

አንድ ነገር ጨምር፦ ባዶውን እየሠራ ቾኩን (የአየር መግቢያውን የሚያጠበውን ምላስ) ቀስ እያልክ እስከ ግማሽ ሳበው። ምን እንደሚሆን ንገረን።

ባለ ግቢ፦
ለካሁ። ባዶውን ከ48 እስከ 54 ኸርዝ ይዋዥቃል፣ ቮልቱ 228 አካባቢ ነው። በምጣድ 43 ኸርዝ፣ 178 ቮልት። ቾኩን በግማሽ ስስበው መዋዠቁ ቀጥ አለ። ምጣድ እንደተሰካ ስሞክረው ግን ጭሱ ባሰበት።

ካቻቢቴ፦
እንግዲህ ኤቪአሩ ነፃ ወጣ። የሚያደናግረው ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ መሆናቸው ነው፤ ባዶውን ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሲጫን ይበዛበታል። ቾክ አየር ስለሚቀንስ ያነሰውን አካክሶ የበዛውን አባሰው።

ያነሰው ከትንሹ ጂግለር ነው፤ ጂግለር ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥን ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ነው፣ ትንሹ ለባዶው፣ ትልቁ ለጭነት። ሞተሩን አብርደህ ነዳጁን ዝጋ። በካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ኩባያ በ10 ቁልፍ ፍታና የወጣውን ቤንዚን በብርጭቆ ተቀበለው፤ ውሃ ካለበት ከሥር እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ዶቃ ካየህ ታንኩንም አራግፍ፣ አለዚያ በሳምንቱ እዚያው ትመለሳለህ። ከዚያ ከላይ፣ ስፕሪንግ የለበሰችውን የስሮትል (የጋዝ ምላስ) ማስቆሚያ ብሎን ስንት ዙር እንደገባች ቆጥረህ ፍታት። እሷ ሥር ጥቁር የፕላስቲክ አናት ያለው ጂግለር ተቀምጧል፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለህ ፈንቅለው፣ ቀለበት ጎማው እንዳይጠፋ። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወደ ብርሃን አቅንተህ ስታይ ጥርት ያለች ክብ ነጥብ ካልታየችህ ተደፍኗል። በመርፌ አትውጋው፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከብዙ ክር ገመድ አንዲት ክር መዝዘህ አሳልፍባት። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ካጣህ ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ ጋ ወስደህ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአየር ማስነፋት ይበቃል። መነጽር አድርግ፣ የሚወጣው ነገር ዓይን ይፈልጋል።

ስትመልስ ካርቡሬተሩን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በደንብ ይጥበቁ። ጓርኒሲዮኑ (በመሐል ያለው ማሸጊያ) ከተቀደደ ከዚያ የሚገባው አየር ልክ እንደ ተደፈነ ጂግለር ያዋዥቀዋል፤ ጂግለር አጽድቶ በአሮጌ ጓርኒሲዮን መግጠም የተለመደ ስህተት ነው።

አሁን የበዛበት። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ለአንድ ደቂቃ ያለሱ አሠራው። ጭሱ ከቀነሰ ጥፋተኛው እሱ ነው። ስፖንጁን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠበው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ንከረውና ጨምቀህ ጨምቀህ መልሰው። ዘይት ከተረፈበት እሱ ራሱ ያጨሳል። የወረቀት ፊልትሮ ከሆነ አይታጠብም፣ ይራገፋል ወይም ይቀየራል። ቾኩም «ክፍት» ላይ ሲሆን ምላሱ እስከ መጨረሻው መዞሩን በዓይንህ እይ፣ የተጣመመ ዘንግ ብዙ ያሳስታል። ካንዴላውን ንቀል፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ጤነኛው ቡናማ ነው። ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ቮልት ቆጣሪ፦
ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ፊልትሮው ጠርቶም ጭሱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ ካርቡሬተሩ ደግሞ የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትልቁ ጂግለር የሚለቀው ቤንዚን ከአየሩ ጋር አይመጣጠንም፣ ጥቁር ጭስ የሚመጣውም ከዚያ ነው። አነስ ያለ ቁጥር ያለው ጂግለር ይገጠምለታል፤ ቁጥሩ ጂግለሩ ላይ ተቀርጿል። ነገር ግን ጄኔሬተሩ ወደ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ የሚሄድ ከሆነ የፋብሪካውን ጂግለር መልስ፤ እዚያ በትንሹ ከሠራ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

ጂግለሩ ቢስተካከልም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ። 2,400 ሜትር ስምንት 300 ነው፣ ስለዚህ 28 በመቶ። ያንተ 5 ኪሎዋት እዚህ በግምት 3.6 ነው። 5.5 የሚለውን እርሳው፣ እሱ ለአፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። እንግዲህ ምጣዱ ገና ሲሰካ ጄኔሬተሩ ሞልቷል፣ ፍሪጅ ደግሞ ሲነሳ ለአፍታ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። እንጀራ ሲጋገር ፍሪጁ ይነቀል፤ ምጣዱ ሰሌዳ ላይ ከ3.5 በላይ የሚል ከሆነ በዚህ ጄኔሬተር ባይጋገር ይሻላል። ፍሪጅ በ178 ቮልት ለመነሳት ሲታገል የሚቃጠለው የኮምፕሬሰሩ ጥቅል ነው፣ ከጄኔሬተሩ ጥገና የሚበልጥ ወጪ።

ካቻቢቴ፦
ከ20 ደቂቃ በኋላ መጥፋቱ ተዘለለ። ሲጠፋ ወዲያው የታንኩን ክዳን ክፈት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ወዲያው ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ እጠበው፣ አለቀ። ካልሆነ ዘይቱን እይ። ይህ ሞተር 1.1 ሊትር ይይዛል፣ ልኩ ጄኔሬተሩ ቀጥ ባለ ቦታ ቆሞ ዘይቱ የመሙያውን አፍ ከንፈር ሲነካ ነው። ሲያንስ ወይም ማሽኑ ዘመም ብሎ ሲቆም የዘይት ሴንሰሩ ብልጭታውን ይቆርጣል፤ ሰው ካንዴላ ሲቀያይር ይውላል። 10W-30 የሚል ዘይት ተጠቀም፣ በየ100 ሰዓቱ ቀይር፤ አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው በ20 ሰዓት።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ገመዱን ነው። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ከአንድ በኩል ከሶኬት ከተነቀለ ራቁት ፒኖቹ 220 ቮልት ይዘው መሬት ላይ ይጋደማሉ፤ ልጅ አለ፣ ውሻ አለ። ዋናውን ብሬከር ማውረድ ደግሞ በሰው ትዝታ ላይ የቆመ ነገር ነው። አንድ ቀን የተረሳ እንደሆነ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል፤ 15,000ውን ወደ 220 የሚያወርደው ትራንስፎርመር በተቃራኒው 220ውን ወደ 15,000 ያወጣዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ እንጨት ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚነካው እሱን ነው። መብራት ሳይጠበቅ ሲመጣም ጄኔሬተሩ ራሱ ይቃጠላል።

የሚገጠመው ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመስመሩ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ) ነው፤ 1-0-2 የሚለው (1 መስመሩ፣ 0 ዝግ፣ 2 ጄኔሬተሩ)፣ ሁለት ፖል ያለው፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ። ፌዝ ብቻ የሚቆርጠውን ርካሹን አትግዛ። መጠኑ ከቆጣሪው ብሬከር አይነስ። ከጄኔሬተሩ እስከ እሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ገመድና 25 አምፔር ብሬከር ይበቃል፤ 5 ኪሎዋት 23 አምፔር ነው። ማሽኑን ሳትጭን አስነሳ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ፣ ከዚያ ወደ 2 አዙር። ስታጠፋ በተቃራኒው፤ ጭነቱን አውርደህ ባዶውን ጥቂት አሠርተህ። ማሽኑ ደግሞ ደጅ ይሁን፣ በረንዳ ላይም በመስኮት ሥርም አይሆንም፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም።

ባለ ግቢ፦
አመሰግናለሁ። ትንሹ ጂግለር በእርግጥም ተደፍኖ ነበር፤ አሁን ባዶውን 52 ላይ ቀጥ ብሏል። ፊልትሮው ታጥቦ በምጣድ ብቻ 47 ኸርዝ፣ 204 ቮልት ሆኗል፣ ጭሱም ቀነሰ። የገቨርነሩን (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያውን) ስፕሪንግ ወጥሬ ወደ 50 ላውጣው?

ዳይናሞ ጠምጣሚ፦
አትንካው። ባዶውን 52 ከሆነ ስፕሪንጉ በቦታው ነው። ገቨርነሩ በጭነት ጊዜ ስሮትሉን አስቀድሞ እስከ መጨረሻ ከፍቶታል፣ ብትወጥረው የሚጨምረው የባዶው ፍጥነት ብቻ ነው፤ 57 ኸርዝ ላይ የምታስቸግረው ማሽኑንና ፍሪጁን ነው። የቀረችው ሦስት ኸርዝ ትልቁ ጂግለር ውስጥ ናት፣ ካልሆነም ቫልቭ ውስጥ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ የመግቢያው ክፍተት 0.15፣ የመውጫው 0.20 ሚሊ ሜትር መሆኑን ለካ። ከዚህ በፊት ካልተለካ እዚያ ጀምር፣ ጂግለር ከመግዛትህ በፊት። ስትጨርስ ነዳጁን ዘግተህ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ አሠራው፤ ያ ትንሽ ቀዳዳ የሚደፈነው እዚያ ውስጥ ተኝቶ በሚደርቅ ቤንዚን ነው።