መሠረት ላስቆፍር ነው፤ ቀያሽ መጥራት የግድ ነው?

ጠያቂ፦ የቦታዬ ጎን በካርታው 30 ሜትር ነው። መሬቱን ተከትለን በሜትር ስንለካው ግን ከላይኛው ማዕዘን እስከ ታችኛው አጥር 30 ሜትር ከ60 ሆነ። ቦታው ተዳፋት ነው። ትርፍ ስላለኝ ቤቱን በ60 ሳንቲሜትር ላሰፋው አስቤያለሁ። ለቀያሽ የሚከፈለው ለሲሚንቶ ቢውል አይሻልም?

ቀያሹ፦ ወዳጄ፣ እባክህ ቁፋሮውን አቆየው። ያ 60 ሳንቲሜትር ትርፍ መሬት አይመስለኝም፤ ተዳፋቱ ነው። ካርታ ላይ የሚጻፈው አግድም ርቀት ነው። መሬቱ ከላይ እስከ ታች 6 ሜትር ያህል ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የካርታው 30 ሜትር በተዳፋቱ ላይ ሲለካ 30 ከ59 ይመጣል። ቤቱን ካሰፋኸው ከወሰን መራቅ የሚገባውን ርቀት ታጣለህ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አጥሩ ነው። አጥር ያጠረው ሰው ወሰን የመሰለው ቦታ እንጂ ወሰኑ ራሱ አይደለም። አንድ ጊዜ መሠረቱ በከፊል ኮንክሪት የተሞላ ቤት ዘንድ ተጠራሁ። በካርታው ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የማዕዘኑን ቦታ በሚያመለክቱት ቁጥሮች፣ ማዕዘኑን አወጣሁና ከአጥሩ 70 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብለን ቆፈርን። ዶማው ድንጋይ መታ። አፈሩን በእጄ ስጠርገው አናቱ ላይ የመስቀል ምልክት የተቀረጸበት የወሰን ድንጋይ ነበር። የመሠረቱ አንድ ጎን የጎረቤት መሬት ላይ አርፏል። ባለቤቱ እጁን አፉ ላይ ጭኖ የቆመው ዛሬም ይታየኛል። ያ ጎን ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

ጠያቂ፦ ደነገጥኩ። ማዕዘኑን በስልኬ ጂፒኤስ ባየውስ?

ቀያሹ፦ አይሆንም። ስልክ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ከቋሚ ጣቢያ እርማት የሚቀበለው የቅየሳ ጂፒኤስ ግን ስሕተቱ በጥቂት ሳንቲሜትር የሚቆጠር ነው።

የግንባታ ተቆጣጣሪዋ፦ ከፍታውንም ይለካልህ። እኛ የቤቱን ወለል በዓይን ግምት አስቀምጠን፣ የፍሳሽ ቱቦው ከመንገዱ ጉድጓድ የቱቦ መግቢያ በታች ሆኖ አገኘነው። ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል ቢባል ለ25 ሜትር 25 ሳንቲሜትር ይፈልጋል፤ እኛ ያን ያህል የከፍታ ልዩነት አልነበረንም። ወለል ከተሞላ በኋላ ይህን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው።

ቀያሹ፦ ትክክል ብላለች። ማዕዘኖቹ ሲተከሉ ደግሞ ጎረቤትህ ይገኝ። ችካሎቹን ቆፋሪዎች ቢነቅሏቸው መልሳችሁ እንድትተክሏቸው ከመስመሩ ውጪ ምልክት አስቀምጡ።

ጠያቂ፦ ቁፋሮውን አዘግይቻለሁ። ጎረቤቴንም አነጋገርኩት፤ እርሱም የራሱን ካርታ ይዞ ይመጣል።