እሁድ የሚከፍት መነጽር ቤት የምታውቁ?

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቸግሮኝ ነው። አባቴ ከደሴ መጥቶ እኔ ጋ ነው ያረፈው። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በአውቶቡስ ይመለሳል። ሐሙስ ዕለት መነጽሩ ወድቆ አንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። ዳዊት ሳይደግም የማይውል ሰው ነው። አሁን መጽሐፉን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲታገል ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ፒያሳ ይዤው ሄድኩ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ «8:30–12:30» ይላል። በእኛ ሰዓት መስሎኝ 10 ሰዓት ላይ ስንደርስ ተዘግቷል። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 6:30 ላይ ዘግተው ሄደዋል! የተለጠፈው ስልክም አይነሳም።

ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየምና ሜክሲኮ ድረስ፣ እሁድ የሚሠራ መነጽር ቤት የሚያውቅ አለ? የሐኪም ወረቀቱ በእጄ ነው። ፍሬሙ ደህና ነው፤ ሌንሱን በዕለቱ ቆርጠው የሚገጥሙ ከተገኙ ትልቅ ነገር ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ መድረስ እንችላለን። ሰዓት ስትጽፉልኝ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ለዩልኝ። የሱቁ ስልክ ካላችሁም ላኩልኝ፣ ቀድሜ ደውዬ ላረጋግጥ። አባቴን ሁለተኛ በከንቱ ማመላለስ አልፈልግም።