የመውጫ ፈተናውን ያለፉትን ቁጥር ለተፈታኞች ቁጥር ላካፍል ወይስ ኮሌጅ ለገቡት?

ሰላም የሐዋሳ ልጆች፤ የግል ኮሌጆችን በጥራትና በዋጋ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ እየሠራሁ ግራ ገብቶኛል። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን በደረጃ የሚያስቀምጠው የሻንጋይ ሠንጠረዥ፣ ሽልማት ላገኙ ተመራቂዎች 10፣ ለተሸለሙ መምህራን 20 በመቶ ይሰጣል፤ ሽልማቱ ደግሞ ኖቤልና የሒሳቡ ፊልድስ ነው! ስለ ክፍያ አያነሳም። ለእኛ ስለማይሆን ለጥራት መለኪያ የመውጫ ፈተናን ያዝኩ።

ግን 100 ገብተው 40 ብቻ ተፈትነው 32 ቢያልፉ፣ ለተፈታኞች ሲካፈል 80፣ ለገቡት ሲካፈል 32 በመቶ ይመጣል። ደካማውን ቀድሞ የሸኘ ኮሌጅ አንደኛ ሊወጣ ነው። ሌላ ኮሌጅ የተዛወረውንስ እንደ ወደቀ ልቁጠረው?

ለዋጋው የአንዱን ክሬዲት ክፍያ በጠቅላላው ክሬዲት አባዝቼ የየሴሚስተሩን መመዝገቢያ ደምሬያለሁ። ኮርስ ለሚደግም የሚጨመረውን የት ላስገባው? የሞከራችሁት ቀመር ካለ ወዲህ በሉ።