ለስምንት ወር ጉዞ ባልና ሚስት ምን እንያዝ? አንድ ሻንጣ ወይስ ሁለት ቦርሳ?

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ጥቅምት ሲገባ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ በሐዋሳና በዲላ አድርገን በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ እንሻገራለን። ከዚያ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ እንቀጥላለን። አብዛኛውን በአውቶቡስ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፣ መመለሻውን በአውሮፕላን አስበነዋል። ስምንት ወር ያህል እንቆያለን። ቤቱን ለዘመድ ትተን ስለምንሄድ የረሳነውን ተመልሰን የምንወስድበት ዕድል የለም።

የሚያከራክረን የጓዙ ጉዳይ ነው። ባለቤቴ አንድ ትልቅ ባለጎማ ሻንጣ ይዘን ሁሉንም እዚያ እንክተት ይላል፤ እኔ ደግሞ ለየራሳችን የጀርባ ቦርሳ ይኑረን እላለሁ። አልጋው ላይ የተዘረጋው ልብስ ግን አሁን ከሁለቱም አልፏል፦ ሦስት ሹራብ፣ ወፍራም ጃኬት፣ የእሱ ሙሉ ልብስ፣ የእኔ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጂንስ ሱሪዎች፣ አራት ጥንድ ጫማ። እናቴ በበኩሏ ጋቢ ሳትይዙ ከቤት አትወጡም ብላለች። ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቦርሳ እንዴት ማብቃቃት ይቻላል? የቱ ይቅር? መርካቶና ፒያሳ ቅርባችን ስለሆኑ የሚገዛውንም ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ፦ የረጅም መንገድ አሽከርካሪ፣ ከካዛንቺስ

እህቴ፣ በቦርሳው ነገር ልክ ነሽ። በአውቶቡስ ለሚጓዝ ሰው ባለጎማ ሻንጣ ዕዳ ነው። ጎማው የሚያገለግለው ለስላሳ ወለል ላይ ብቻ ነው፤ ጭቃና ኮረት ላይ፣ ደረጃና ጀልባ ላይ በእጅ መሸከም ሊኖርባችሁ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ያ አንድ ሻንጣ የጠፋ ወይም ሌላ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ቀን ሁለታችሁም ቅያሪ ታጣላችሁ። ለየራሳችሁ ከ40 እስከ 45 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ግዙ። ከዚያ የእሱን አንድ ሙሉ ቅያሪ በአንቺ ቦርሳ፣ የአንቺንም በእሱ ቦርሳ አድርጉ። ቤተሰብ ጭኜ ስሄድ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው።

ሰው ስምንት ወር ሲባል የስምንት ወር ልብስ ይከታል። ልብስ የሚሰላው ግን ከአንዱ አጠባ እስከ ቀጣዩ ባሉት ቀናት ነው። ለአንድ ሰው አራት ካኒቴራ ወይም ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ለአምስት ቀን የሚበቃ የውስጥ ልብስና ካልሲ ይበቃዋል። ጫማ ሁለት ጥንድ ይሁን፤ ከባዱን አድርጋችሁት ሂዱ፣ ነጠላ ጫማው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሌላው ካለቀ ይገዛል፤ የምትሄዱት ገበያ ወዳለበት አገር ነው።

የአየሩን ነገር በከፍታ አስቡት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ትጠጋለች፤ ሞምባሳና ዳሬሰላም ደግሞ በባሕር ጠረፍ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የአራት ኪሎን የጥቅምት ማታ የቻለ ልብስ ከተሞቻቸውን በሙሉ ይችላል። የኪሊማንጃሮን 5,895 ሜትር ለመውጣት ካላሰባችሁ በቀር ወፍራሙ ጃኬት ይቅር፤ ካሰባችሁም እዚያው ከተራራው ግርጌ ይከራያል። ረጅም እጅጌ ካኒቴራ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ የዝናቡ ጃኬት ሲደረብ ለማንኛውም ብርዳማ ማታ ይበቃል። ዝናባቸው ከእኛ ክረምት ጋር እንደማይገጥም ግን አትርሱ፦ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በእናንተ የጉዞ ጊዜ ሁለቱም ያገኟችኋል፤ የዝናብ ጃኬቱ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

መልስ፦ ከአምስት ኪሎ

እኔም ከባለቤቴ ጋር ያንን መስመር ለረጅም ጊዜ ተጉዤበታለሁ። ስለ ጋቢው ልናገር። እናትሽ የምታስበው ለእናንተ ነው፤ ቢሆንም ይህ የጋቢ ጉዞ አይደለም። ድርብርብ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ በባሕር ጠረፍ እርጥበት ውስጥ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ግማሹን ቦርሳም ይይዛል። በምትኩ ነጠላ ያዢ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ትለብሺዋለሽ፣ አውቶቡስ ላይ ተጣጥፎ ትራስ ይሆናል፣ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ይከልላል። ዛንዚባርና ላሙ ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ትከሻንና ጉልበትን ሸፍኖ መውጣት ባህሉን ማክበር ነው፤ እዚያም ነጠላው ያገለግልሻል። ይህንን ለእናትሽ ብታስረጃት የምትስማማ ይመስለኛል። የሐበሻ ቀሚሱን ተይው፤ ጥልፉ እየተጣጠፈና እየተሻሸ ያሳዝንሻል።

ጂንስ ሱሪ አትያዙ። ይከብዳል፣ ሲታጠብም አይደርቅም። ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ስስ ሱሪ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ለሁለት መጓዝ የሚጠቅምበትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሸሚዙን አጥባችሁ በእጅ ጭመቁት። ከዚያ ደረቅ ስስ ፎጣ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ሸሚዙን በላዩ አድርጉና ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሏቸው። አንዳችሁ በአንዱ ጫፍ፣ ሌላችሁ በሌላው ይዛችሁ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙ። ፎጣው ውሃውን ይጠጣዋል፤ ማታ የተሰቀለ ሸሚዝ ጠዋት ይለበሳል። አራት ሸሚዝ የሚያብቃቃው እንዲህ ሲደረግ ነው።

ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ የጥፍር መቁረጫ፣ መርፌና ክር አንድ አንድ ብቻ ይሁኑ፤ ሁለት ማድረግ ክብደት መጨመር ነው። ሞዴስ በየከተማው ስለሚገኝ የአንድ ወር ብቻ ያዢ። ፓስፖርት፣ ገንዘብና መድኃኒት ግን ለየራስ ነው። አንዱ የሁለቱንም ፓስፖርት ይያዝ የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳይኖር፤ በብዛት የሚያጨናንቀው ሁኔታ የሚፈጠረው ሁለቱ ለአንድ ሰዓት እንኳን ሲለያዩ ነው።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ከፒያሳ

ከመርካቶ ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ አትፈሩ፤ ለመንገድ የሚሆን ጠንካራ ልብስ እዚያ ይገኛል። ነገር ግን ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ስፌቱን በሁለት በኩል ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት የመርፌው ቀዳዳዎች ከተከፈቱ ያ ልብስ ወር አይቆይም። የቦርሳ ዚፕም ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ፤ ጥግ ላይ የሚይዝ ከሆነ ተዉት። ዋናው ዚፕ ሁለት ራስ ይኑረው፤ ሁለቱ ራሶች በትንሽ ቁልፍ ይያያዛሉ። መንገድ ላይ አቧራ ገብቶበት ሲጠብቅ ጥርሱን በሻማ አሹት።

ሁለተኛው ጉዳይ ኪስ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሱሪዎቻችሁን ለልብስ ሰፊ ስጡ። ፓስፖርት 12.5 በ8.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 14 በ10 የሆነ ስስ ኪስ ከውስጥ፣ ከወገብ ማሰሪያው በታች ከፊት በኩል ይሰፋ። ከኋላ አይሁን፤ ስትቀመጡ ይታጠፋል፣ ሌባም ይደርስበታል። ዚፕ ቆዳ ስለሚፍቅ መዝጊያው ጠፍጣፋ ቁልፍ ይሁን። ላብ እንዳያርሰው ፓስፖርቱን በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ አድርጉት። ሥራው ቀላል ነው፤ ማንም ጥሩ ሰፊ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ማሰሪያ፣ መንጠቆና ገመድ ካስፈለጋችሁ ምናለሽ ተራ ጎራ በሉ።

መልስ፦ ነርስ፣ ከልደታ

ከልብሱ በፊት ክትባቱን ጨርሱ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ድንበር ላይ ካርዱን ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ የቀድሞ ካርድ ካላችሁ ፈልጉት።

አጎበር ለሁለት የሚበቃ አንድ ያዙ፣ በመድኃኒት የተነከረ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ለብርድ ሳይሆን ለወባ ትንኝ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የወባ መከላከያ ክኒን ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ ሰፊ ባርኔጣ ያስፈልጋል፤ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ደግሞ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ቀለምም ቁም ነገር ነው። የዱር አራዊት ፓርኮችን የምትጎበኙ ከሆነ ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ልብስ የቆላ ዝንብን ይስባል፤ ቡኒ፣ አመድማ ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ ይሻላል። ሌላም አለ፦ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ ስላለች ደጅ የተሰጣ ልብስ፣ በተለይ የውስጥ ልብስ፣ በካውያ ይተኮስ። ካውያ ከሌለ ክፍል ውስጥ ይሰጣ።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የአሽከርካሪውን መልስ ካነበበ በኋላ በሁለት ቦርሳ ተስማምቷል። ነጠላውንም እናቴ ራሷ መርጣ ሰጥታናለች። የቀሩን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ልብሱን በየዓይነቱ በፌስታል ከፋፍዬ ለመክተት አስቤ ነበር፤ ጥሩ ነው? ሁለት ስልክና አንድ ኮምፒውተር ስላለንስ ምን ዓይነት ቻርጀር እንያዝ?

መልስ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከሜክሲኮ

ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ዓይነት ሶኬት ይጠቀማሉ፤ የእኛ ሁለት ክብ እግር አይገባም። ሩዋንዳ ግን እንደ እኛው ስለሆነ አትቸገሩም። ለእያንዳንዱ ዕቃ መቀየሪያ ከመግዛት አንድ መቀየሪያና አንድ ዲቫይደር ያዙ፤ በአንድ ሶኬት ሁሉንም ትሞላላችሁ። ኃይሉ ተመሳሳይ ስለሆነ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ፓወር ባንክ 20,000 ሚሊ አምፒር አወር ይበቃችኋል። በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ዋት አወር ይሆናል፤ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳልፉት እስከ 100 ነው። ስትመለሱ ወደ ጭነት በሚገባው ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጡት፤ ከእጃችሁ ጋር ነው የሚሄደው።

መልስ፦ የካዛንቺሱ አሽከርካሪ

ፌስታሉን ቤት ተዉት! ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ፌስታል ከልክለዋል። ድንበር ላይ ቦርሳችሁን አስከፍተው ያስጥሏችኋል። ባለቤትሽ ዝንጉርጉር የወታደር መልክ ያለው ሱሪ ወይም ኮፍያ ካለውም እንዳይይዝ፤ ዩጋንዳ ውስጥ ለሲቪል ክልክል ነው። ሙሉ ልብሱም ይቅር። ሠርግ ቢጠራችሁ አንድ ንጹሕ ባለ ኮሌታ ሸሚዝ ይበቃዋል።

መልስ፦ የፒያሳው ልብስ ሰፊ

በፌስታሉ ፈንታ አቡጀዲ ግዙና ስድስት ከረጢት አሰፉ፣ ሦስት ለእሷ፣ ሦስት ለእሱ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ይሁኑ፣ አፋቸው በገመድ የሚጎተት። የእሷን ገመድ ቀይ፣ የእሱን አረንጓዴ ብታደርጉት አንዳችሁ በሌላው ቦርሳ ያለውን ቅያሪ በጨለማም ባይሆን በደብዛዛ መብራት ትለዩታላችሁ። አቡጀዲው ከመሰፋቱ በፊት ታጥቦ ይድረቅ፤ አለዚያ በመጀመሪያው አጠባ ይሸበሸብና አፉ አይዘጋም።